ፌሪቲን 11፣ ሄሞግሎቢን 12.9፦ የረጅም ርቀት ሯጮች የአይረን እጥረት እንዴት ይታከም?

አሰልጣኝ_ሱሉልታ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምጠይቀው ስለ አንዲት የ21 ዓመት ሯጭ ነው። 10,000 ሜትርና ግማሽ ማራቶን ትሮጣለች፣ ክብደቷ 48 ኪሎ ነው፣ ልምምዷ በአብዛኛው ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ቀላል ሩጫ ላይ ምንም አይታይባትም፤ ፍጥነት ሲጨመር ግን እግሯ ይከዳታል፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኝታም ድካሙ አይለቃትም።

የደም ውጤቷ ይኸውና፦ ሄሞግሎቢን 12.9፣ ኤምሲቪ (የቀይ ደም ሴል መጠን) 80፣ ፌሪቲን 11፣ ትራንስፈሪን ሳቹሬሽን 13 በመቶ፣ ሲአርፒ (የሰውነት ብግነት መለኪያ) ዝቅተኛ። ወረቀቱ ላይ ሄሞግሎቢኑ ምልክት ስላልተደረገበት «ደም ማነስ የለባትም» ተብላለች። ውድድሯ ከ14 ሳምንት በኋላ ነው። እጥረት አለባት ወይስ የለባትም? ካለባት ኪኒኑ በምን መጠንና በስንት ሰዓት ይወሰድ? ጓደኞቿ መርፌ ተወጊ እያሏት ነው።

የላብ_ሰው፦
አሰልጣኝ፣ እጥረቱ በግልጽ አለ። «ደም ማነስ የለም» እና «የአይረን እጥረት የለም» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መጀመሪያ የሚያልቀው የአይረን ጎተራው ነው፤ ፌሪቲን የሚያሳየው እሱን ነው። ቀጥሎ ወደ መቅኒ የሚጓዘው አይረን ይመናመናል፤ እሱን የሚያሳየው ሳቹሬሽን ነው። ሄሞግሎቢን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። በስፖርት ሕክምና ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ደረጃ እንዲህ ነው፦ ፌሪቲን ከ35 በታች ከሆነ ጎተራው ጎድሏል፤ ፌሪቲን ከ20 በታች፣ ሳቹሬሽን ከ16 በመቶ በታች ሲሆን ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ ፌሪቲን ከ12 በታች፣ ሄሞግሎቢንም ከ11.5 በታች ሲወርድ የደም ማነስ ሆኗል። ልጅቷ ቢያንስ ሁለተኛው ላይ ናት።

«ቢያንስ» ያልኩት ስለ ከፍታው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የሄሞግሎቢን የ12 ዝቅተኛ ወሰን ለባሕር ጠለል የተሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ በ2,700 ሜትር ለሚኖር ሰው ከሄሞግሎቢኑ ላይ ከአንድ ግራም ተኩል በላይ ይቀነሳል። በዚያ ስሌት የእሷ 12.9 ወደ 11 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው።

ስፖርት_ሐኪም፦
በላብ_ሰው መልስ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የከፍታው ሰንጠረዥ ለእኛ ደጋ ሰዎች እንዳለ አይሠራም። በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች አማካይ ሄሞግሎቢን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ነበር። ይህ በባሕር ጠለል ከሚጠበቀው ብዙም አይርቅም፤ በአንዲስ ተራሮች በተመሳሳይ ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ግን በጣም ከፍ ያለ ነው ያላቸው። ስለዚህ ሰንጠረዡን ይዘን አንዱን ደጋ ተወላጅ ሁሉ «ደም አነሰው» ብንል እንሳሳታለን። በሌላ በኩል ደግሞ 12.9 ከዚያው ከ15.0 ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ያለ ነው።

ሁነኛው መለኪያ የራሷ የቀድሞ ውጤት ነው። በደህና ጊዜዋ 14.2 ከነበረች አሁን ከአንድ ግራም በላይ አጥታለች፤ ለ10,000 ሜትር ሯጭ ይህ ብዙ ነው። የእያንዳንዱን ሯጭ ውጤት በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ መዝግቦ መያዝ ያለብንም ለዚህ ነው።

በተቃራኒው የሚያሳስትም አለ። ልምምድ ሲከብድ የደሙ ውሃ ይጨምራል፣ ሄሞግሎቢኑም ቀጥኖ ዝቅ ያለ ይመስላል። ፌሪቲን ደህና ሆኖ ሄሞግሎቢን ትንሽ ቢወርድ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ኪኒን አያስፈልገውም።

የላብ_ሰው፦
ትክክል ነው፣ ዶክተር። ስለ ናሙናው ግን ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ፌሪቲን በሕመም፣ በቁስለትና በከባድ ልምምድ ማግስት ከፍ ይላል። ፌሪቲኗ 11 የሆነ ሯጭ ከረጅም ሩጫ ማግስት ስትለካ 30 ልታሳይ ትችላለች፤ ሁሉም ያርፋል፣ ችግሩ ግን ባለበት ይቀጥላል። ሲአርፒ አብሮ የሚለካው ይህን ለመለየት ነው። ደም የሚሰጠው ጠዋት፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ለ24 ሰዓት ከባድ ልምምድ ሳይሠራ፣ ጉንፋንም ሆነ ትኩሳት ከነበረ አንድ ሳምንት ቆይቶ ነው። ኪኒን የጀመረ ሰው በዋዜማው አይዋጥ፤ የሳቹሬሽኑን ቁጥር ያበላሸዋል። ሁልጊዜም አንድ ላብራቶሪ ተጠቀሙ፤ መሣሪያ ሲለያይ ፌሪቲን ይለያያል።

ስፖርት_ሐኪም፦
ወደ ሕክምናው እንግባ። መጠኑን ሁሉም ያውቃል፤ የሚበላሸው ሰዓቱ ላይ ነው።

ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። የአንጀት ዘበኛ በሉት፤ እሱ ሲበዛ አይረን ወደ ደም እንዳይገባ በሩ ይዘጋል። ሁለት ነገር ያበዛዋል። አንደኛው ከባድ ልምምድ ነው፤ ከሩጫው በኋላ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ጣሪያ ይነካል። ሁለተኛው ራሱ ኪኒኑ ነው፤ 60 ሚሊ ግራም የወሰደ ሰው ሄፕሲዲኑ እስከ ማግስቱ ከፍ ብሎ ይቆያል። ሲደመርበት ደግሞ ጠዋት ዝቅ ይልና ቀኑ እየገፋ ሲሄድ በራሱ ይጨምራል።

ይህን ወደ ሱሉልታ ፕሮግራም እናምጣው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስተው ሮጠው 2 ሰዓት ላይ ከጨረሱ በሩ የሚዘጋው ከ5 እስከ 8 ሰዓት ነው። ኪኒኑን ከምሳ በኋላ መዋጥ፣ ብዙዎች የሚያደርጉት ማለት ነው፣ በተዘጋ በር ላይ መግፋት ነው። ትክክለኛው ጊዜ ልምምዱ ባለቀ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ጫማው ሳይወልቅ፣ በውሃ፣ በባዶ ሆድ ወይም በትንሽ ሙዝ። ሁለት ልምምድ ባለበት ቀንም የጠዋቱን ተከትሎ እንጂ ማታ አይወሰድ።

መጠኑ 60 ሚሊ ግራም ንጹሕ አይረን ያለው አንድ ኪኒን፣ በቀን ሳይሆን በየሁለት ቀኑ። በቀን ሁለትና ሦስት መዋጥ ሄፕሲዲኑን ከማናሩም በላይ ያልተመጠጠው ሁሉ አንጀት ውስጥ ቀርቶ ሆድ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል፤ ሯጯም በሁለተኛው ሳምንት ኪኒኑን ትታ ለአሰልጣኙ ትዋሻለች። ሄሞግሎቢኑ በእርግጥ የወረደ ሰው ግን ሐኪሙ በየቀኑ አንድ ሊያዝለት ይችላል።

ፋርማሲ_መርካቶ፦
«60 ሚሊ ግራም» የሚለውን በደንብ እናንብበው፤ በየቀኑ መደርደሪያ ፊት የሚያደናግረው እሱ ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የጨው ክብደት ነው፣ የአይረኑ አይደለም። ፌረስ ሰልፌት 200 ወይም 325 የሚለው እንደ አሠራሩ 65 ገደማ ንጹሕ አይረን ይዟል። ፌረስ ፊዩማሬት 200 የሚለውም 65 ገደማ ነው። ፌረስ ግሉኮኔት 300 ግን 35 ብቻ ነው። በጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው አይረንና ፎሊክ አሲድ ያለበት ኪኒን 60 ሚሊ ግራም አይረን አለው፤ ለሯጭም ያገለግላል፣ ርካሽ ነው።

ሆድን እንዳያውክ ተብሎ የተሸፈነ፣ አንጀት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚፈታ ዓይነት አትግዙ። አይረን በዋናነት የሚመጠጠው ከጨጓራ እንደወጣ ባለው የአንጀት መጀመሪያ ነው፤ ኪኒኑ የሚፈታው ያን ካለፈ በኋላ ከሆነ ገንዘቡ ሽንት ቤት ገባ ማለት ነው።

ኦሜፕራዞል የምትወስድ ከሆነ ንገሩን። የጨጓራ አሲድ ሲጠፋ የአይረን መመጠጥ በጣም ይቀንሳል። ካልሲየምም አብሮ አይዋጥ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ታዞላት ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት ይራራቁ፤ አይረኑ መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል፣ ኢንፌክሽኑ ሳይድን ይቀራል። ሰገራ መጥቆሩ የተለመደ ነው፤ እንደ ቅጥራን የሚያጣብቅና የሚሸት ጥቁር ግን የደም ምልክት ነው፣ ሐኪም ጋ ያስኬዳል። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ኪኒኑ ቁልፍ ቦታ ይቀመጥ። ጥቂት ፍሬ አይረን ሕፃን ይገድላል።

ሯጭ_ከዴንቨር፦
እዚህ አሜሪካ ያላችሁ፣ የሰልፌቱ ጠርሙስ ላይ ብዙ ጊዜ 325 ይላል፤ ከኋላው በትንሹ 65 የሚለውን አንብቡ። ቢስግላይሲኔት የሚባለው የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ በ25 ሚሊ ግራም ነው። ለሆድ ይለሰልሳል፤ ሰልፌቱን ጨርሶ ያልቻለ ሰው እሱን ይሞክር።

ጥያቄ አለኝ። ቡናን ሙሉ በሙሉ መተው ግድ ነው? ለእኛ ከባድ ነገር ነው።

የምግብ_ባለሙያ፦
መተው አያስፈልግም፣ ሰዓቱን ማራራቅ ይበቃል። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉ ፖሊፌኖሎች ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲጠጡ የአይረኑን መመጠጥ በጣም ይቀንሳሉ፤ ሻይ ከቡና ይብሳል። ቡናው ከምግቡ ወይም ከኪኒኑ አንድ ሰዓት ቀድሞ ከተጠጣ ግን ጉዳት የለውም። ስለዚህ ጠዋት ከልምምድ በፊት የተጠጣ ቡና ችግር የለውም፤ አደጋው ከልምምድ መልስ ከቁርሱ ጋር የሚቀርበው ሻይ ነው። ኪኒኑ በ2 ሰዓት ከተዋጠ ጀበናው 4 ሰዓት ላይ ይጣድ።

ደግሞ «ቀይ ስር ደም ይሆናል» የሚለውን ብንተወው። ቀይ ስር በመቶ ግራም አንድ ሚሊ ግራም እንኳ አይረን የለውም፤ ቀለሙ ነው ያሳሳተን። ለሩጫ በናይትሬቱ ሊጠቅም ይችላል፣ ለአይረን ግን አይደለም።

ስለ ጤፍም እውነቱን እንናገር። ጤፍ ደህና አይረን አለው፤ አንዳንድ ሰንጠረዥ ላይ የሚታየው በጣም ትልቅ ቁጥር ግን በከፊል ከአውድማው አፈር የመጣ ነው፣ እሱም በአግባቡ አይመጠጥም። በዚያ ላይ ጤፍ አይረንን አስሮ የሚይዝ ፋይቴት አለው። መፍትሔው እናቶቻችን እጅ ላይ ነው፦ እርሾ። በደንብ ሁለት ሦስት ቀን የቦካ ሊጥ ፋይቴቱ በብዙ ይቀንሳል። በአንድ ሌሊት የተጣደፈ ወይም በቤኪንግ ፓውደር የተነፋ እንጀራ ግን ይህን ጥቅም አያገኝም። ሯጯ እንጀራ ከሱቅ ከምትገዛ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚቦካ ብታውቅ ይጠቅማታል።

ከምግብ ሁሉ በላይ የሚመጠጠው የሥጋና የጉበት አይረን ነው፤ ጉበት ወይም ዱለት በሳምንት አንድ ጊዜ ጥሩ ነው፤ በደንብ ይብሰል። ከምስርና ከሽሮ ጋር ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ይቅረብ፤ ቫይታሚን ሲ የአትክልቱን አይረን ያስለቅቃል። ከኪኒኑ ጋር ግን የቫይታሚን ሲ ጥቅም ትንሽ ነው፤ ለእሱ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ።

አሰልጣኝ_ሱሉልታ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሯጯ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፣ እስከ 9 ሰዓት ምንም አትቀምስም። ዐቢይ ጾም ሲመጣም 55 ቀን ነው። እንዴት ይሁን?

የምግብ_ባለሙያ፦
አሰልጣኝ፣ በየሁለት ቀኑ መዋጡ እዚህ ላይ ይገጥማል። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ይሁን፤ ረቡዕንና ዓርብን ሳይነካ ያልፋል። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ ሰዓት ስለማይጾም ጠዋት መዋጥ ይቻላል። የቀሩትን ቀናት በተመለከተ ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር፤ ለሕመም የሚሰጥ ፈቃድ አለ፣ ይህም ሕመም ነው።

የሚያሳስበኝ ግን ኪኒኑ ሳይሆን ሆዷ ባዶ የሚውልበት ሰዓት ነው። ጠዋት 20 ኪሎ ሜትር ሮጦ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መዋል የኃይል እጥረት ያመጣል፤ የካርቦሃይድሬት እጥረት ራሱ ሄፕሲዲንን ይጨምራል። በጾም ሰሞን ከባዱ ልምምድ ወደ ከሰዓት፣ ከጾም መፍቻው ሰዓት በፊት ቢዞር፣ ወዲያው ኪኒኑን፣ ከዚያ ደህና አድርጎ መብላትን ያስከትላል። በዚያ ሰዓት ሄፕሲዲን ትንሽ ከፍ ቢልም ምንም ካለመውሰድ ይሻላል።

ስፖርት_ሐኪም፦
ጥሩ ነው። አሁን ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ እናስላ፤ ትዕግሥት የሚያልቀው ስሌቱን ካለማወቅ ነው። አንድ የፌሪቲን ነጥብ በግምት 8 ሚሊ ግራም የተከማቸ አይረን ነው። ከ11 ወደ 50 ለማድረስ 39 በ8፣ 312 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል። ሄሞግሎቢኗን በአንድ ግራም ለማንሳት 48 ኪሎ በ2.4፣ 115 ገደማ። ድምሩ 427። በትክክለኛው ሰዓት ከተዋጠ ከ60ው 20 በመቶው ይገባል ብንል በአንድ ኪኒን 12፣ በሳምንት ሦስት ኪኒን 36 ሚሊ ግራም ነው። 427 ለ36 ሲካፈል 12 ሳምንት። የዕለት ብክነቷን ምግቧ ይሸፍነው ብለን ነው ይህን ያሰላነው፤ በቡናና በምሳ ሰዓት ተበላሽቶ 10 በመቶ ብቻ ከገባ ግን ስድስት ወር ይሆናል። 14 ሳምንት አላችሁ፤ ዛሬ ከተጀመረ ይደርሳል።

እስከዚያው ልምምድ አይቆምም። የፍጥነት ሥራውና የዳገቱ መጠን ለአራት ሳምንት ያህል ይቀነስ፣ ቀላሉ ይቀጥል።

ሩቅ_ሯጭ፦
ለምን እንዲህ እንለፋለን? መርፌው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ብዙ ሯጮች እየተወጉ ነው፤ ቢኮምፕሌክሱንም አብረው ይወስዳሉ።

ስፖርት_ሐኪም፦
ወንድሜ፣ ይህ ምክር ልጅቷን ሊጎዳ ይችላል፤ በዝርዝር ልመልስልህ።

ቢኮምፕሌክስ ውስጥ አይረን የለም። ቢ12 የጎደለው ሰው ይጠቀምበታል፤ የአይረን እጥረት ላለበት ግን መርፌው ከመወጋት ስሜት ሌላ የሚሰጠው ነገር የለም።

በመቀመጫ የሚወጋ አይረን ያማል፣ ቆዳውን ለዓመታት ያጠቁራል፣ ከኪኒኑ የሚበልጥበትም ነገር ስለሌለ ተትቷል። በደም ሥር የሚሰጠው ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን ኪኒኑን በትክክል ወስዶ ላልተሻለው፣ አንጀቱ ለማይመጥ ወይም ሄሞግሎቢኑ በጣም ለወረደ ሰው ነው። ድንገተኛ የሰውነት አለርጂ ሊያስከትል ስለሚችል የሚሰጠው አድሬናሊን በተዘጋጀበት ሆስፒታል ነው፤ በሆቴል ክፍል ወይም በካምፕ አልጋ ላይ በፍጹም አይሰጥም። ካርቦክሲማልቶስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ የደም ፎስፌትን ሊያወርድ ይችላል፤ ድካሙ ይመለሳል፣ ሲደጋገምም አጥንት ይጎዳል።

ሌላው የፀረ-አበረታች ቅመሞች ሕግ ነው። አይረን ራሱ የተከለከለ አይደለም። የተከለከለው በ12 ሰዓት ውስጥ በጠቅላላ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መቀበል ነው። ልዩ ሁኔታው በሆስፒታል ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምናና በምርመራ ወቅት የተሰጠ ሲሆን ነው። መድኃኒቱን በ250 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ ቀላቅሎ ክሊኒክ ጥግ ላይ ማንጠልጠል የሯጯን ሙያ ሊያስከፍል ይችላል። ሐኪሙ የወሰነው ከሆነ ሰነዱ ይያዝ፤ መጠኑ፣ ፈሳሹ፣ ቀኑና ቦታው ይጻፍ።

ፌሪቲን 60 ላለው ሰው መጨመሩም አያስሮጥም። ትርፍ አይረን ሰውነት የሚያስወጣበት መንገድ የለውም፤ በጉበት ይከማቻል። ሳይለኩ መውሰድ የሌለበትም ለዚህ ነው።

ፋርማሲ_መርካቶ፦
አሁን ደግሞ «ለምን አለቀ?» የሚለውን አንርሳ። ቀዳዳው ሳይደፈን ባልዲ መሙላት ይሆናል። የወር አበባዋ ከሰባት ቀን በላይ ይቆያል ወይስ በየሰዓቱ ሞዴስ ያስለውጣል? የሕመም ማስታገሻዎቹን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በየሳምንቱ ትውጣለች? ሁለቱ ጨጓራን እያደሙ ሳይታወቅ ደም ያስወጣሉ። ጨጓራዋን ያቃጥላታል? ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ እኛ አገር በጣም የተለመደ ነው፤ የሰገራው ምርመራ ኦሜፕራዞል ከቆመ ሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ካቆሙ አራት ሳምንት ሳይሞላ ሐሰተኛ «ነጻ» ይላል።

የላብ_ሰው፦
ስለ ትልም ላርም። ኮሶ ደም አይመጥም፤ ኮሶ ስላለባት አይረን አለቀባት ማለት አይቻልም። ደም የሚመጠው የመንጠቆ ትል ነው፤ በሞቃትና እርጥብ ቆላ በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ይይዘዋል። ከቆላ የመጣች ወይም ለእረፍት የምትመለስ ከሆነ ሰገራ ይታይላት፤ ከተገኘ አልቤንዳዞል ይታዘዝላታል። ሐይቅና ወንዝ ዳር ያደገች ከሆነ ቢልሃርዝያም ይታይ።

አሰልጣኝ_ሱሉልታ፦
ገባኝ። ይህን ጻፍኩ፤ የተሳሳትኩትን አርሙኝ። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ልምምድ እንዳለቀ 60 ሚሊ ግራም ያለው አንድ ኪኒን። ቡናና ሻይ ከ4 ሰዓት በኋላ። ኦሜፕራዞልና ዳይክሎፌናክ እንዳትወስድ፣ ከወሰደች ለሐኪሙ እንድትናገር። ሰገራና ኤች ፓይሎሪ በዚህ ሳምንት። በ4ኛው ሳምንት ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ በ8ኛውና በ12ኛው ፌሪቲንና ሳቹሬሽን። ኪኒኑን ቅዳሜ ከረጅሙ ሩጫ በኋላ በወተት እንድትወስደው አስቤያለሁ፣ ሆዷ እንዳይረበሽ።

ፋርማሲ_መርካቶ፦
ወተቱን ያውጡት፣ አሰልጣኝ፤ ካልሲየሙ አይረኑን ያግዳል። በውሃና በአንድ ሙዝ ይሁን። ወተቱን ኪኒኑን ከዋጠች ሁለት ሰዓት በኋላ ትጠጣው። ሙዙም ካልበቃት ኪኒኑን ሳይሆን ዓይነቱን እንለውጣለን፤ ፊዩማሬት ወይም ዝቅ ያለ መጠን ይሞከራል።

ስፖርት_ሐኪም፦
8ኛው ሳምንት ላይ ፌሪቲኑ 20 ካልደረሰ መጠን ከመጨመራችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ፦ ኪኒኑን በእርግጥ እየዋጠች ነው ወይ (የቀረውን ፍሬ ቁጠሩ)፣ ሰዓቱ ተጠብቋል ወይ፣ የደም መፍሰሱ ቆሟል ወይ። ሦስቱም ደህና ሆነው ካልወጣ ሴሊያክ (ግሉተን የሚቀሰቅሰው የአንጀት በሽታ) ይመርመር፣ ከዚያ ስለ ደም ሥሩ መድኃኒት እንነጋገራለን። ውጤቱን ሲመጣ እዚሁ ይለጥፉልን፤ ስሟን ሸፍነው።